ከቦይ የተቀዳ ውሃ

በሁለት ሺህ ሃያ አራት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነበር። ወረቀቴ ስልሳ ስምንት ነው ይላል። የልደት ቀኔም ጃንዋሪ አንድ ነው፤ በስደተኛ ካምፕ ያለፍን ሰዎች ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ነው የተወለድነው፣ እናቶቻችን ተቀጣጥረው ያማጡ ይመስል። ወረቀት የሚለውን ማመን የተውኩት ያኔ ነው። ወረቀት ካላመንኩ ሰሌዳማ ጭራሽ አላምንም። የኔና የወዳጄ ጠብ የመጣው ከሰሌዳ ነው። ሰሌዳው የቆመው ወንዝ ዳር ነውና መጀመሪያ ስለ ወንዙ ልናገር።

ወንዙ ሚሲሲፒ ነው። ትልቅ ነው እያሉ ያወሩለታል። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ መሃል ሚኒያፖሊስ፣ ፏፏቴው አጠገብ፣ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ፤ የሚወራለትን ያህል አይደለም። በረዶው ሲቀልጥ የድስት እጣቢ ይመስላል። ሙቀቱ ሲገባ የቆየ ሻይ ይመስላል። ብርዱ ሲመጣ ነጭ ለብሶ ይደርቃል፣ ያኔ ብቻ ያምራል፣ ውሃው ስለማይታይ።

ከዳሱ መስኮት የሚታየው ፍርስራሽ ነው። ድሮ የዱቄት ወፍጮ ነበር አሉ። ተቃጠለና ግድግዳው ቀረ። የተቃጠለ ግድግዳ ወይ ይፈርሳል ወይ ይጠገናል፤ እነሱ ግን መብራት አበሩለት፣ አጥር አጠሩለት፣ ትኬት ቆረጡበት። ከጎኑ የተረፉትን ወፍጮዎች አፓርታማ አደረጓቸውና ጆንያ ይጫንበት የነበረ ክፍል ውስጥ ሀብታም ገብቶ ተኛ። ፍርስራሽ ከደህና ቤት በላይ ሲወደድ ያየሁት እዚህ አገር ነው።

ከፏፏቴው ጎን ደግሞ ትልቅ የሲሚንቶ ሳጥን አለ። ሎክ ይሉታል። መርከብ ከታች ይገባበታል፣ በሩ ይዘጋል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ መርከቡ ከውሃው ጋር ከፍ ይልና በላይኛው በር ይወጣል። የመርከብ ደረጃ በለው። ታሪኩን ስትሰማው ቅናት ነው። መርከብ ድሮ እስከ ሴንት ፖል ድረስ ብቻ ነበር የሚመጣው። ሚኒያፖሊስ ጎረቤቷ ወደብ ተብላ እሷ ሳትባል ስትቀር ቆሽቷ አረረ። ስለዚህ ወንዙን በግድብ አሰሩት፣ የአገሩ ነባር ሰዎች የሚያከብሯትን ደሴት ሳይቀር ንደው ሳጥኑን ሠሩ። ሃምሳ ዓመት ያህል አገለገለ። ከዚያ ቆለፉት። ለምን ቢሉ፣ ከታች የሚመጣ ክፉ ዓሣ ወደ ላይ እንዳያልፍ። ለመርከብ ብለው ደሴት ናዱ፣ ለዓሣ ብለው በር ዘጉ። ይህንን ነው እንግዲህ ከቴክሳስና ከካሊፎርኒያ መጥተው ፎቶ የሚያነሱት፣ መኪናቸውን እኔ ዘንድ አቁመው።

ዳሱ አንድ ወንበር ብቻ ነበረው። ጠዋት እኔ እቀመጥበታለሁ፤ በስምንት ሰዓት ወዳጄ መጥቶ ይተካኛል። ካምፕ አብረን ነበርን፣ አንድ ሳምንት ተቀዳድመን ነው እዚህ የገባነው። እሱ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ነው። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የእንግሊዝኛውን ፊደል ቅርጹን አውቀዋለሁ እንጂ አያናግረኝም። ፖስታ ሲመጣልኝ ኪሴ ከትቼ ወደ ሥራ እሄዳለሁ። በስምንት ሰዓት እሱ ከፍቶ ያነብልኛል፤ የመብራት ነው፣ የኢንሹራንስ ነው፣ ይሄ ዝባዝንኬ ነው ጣለው። ይህንን ልጄ እንኳን አታውቅም ነበር። ከወንበሩ ስነሳ "ተቀመጥ፣ ሞቋል" እለዋለሁ። ፈረቃ ተለዋውጠን እኔ ስተካውም እሱ እንደዚሁ ይለኛል፤ ከሰላምታ በፊት የምንባባለው ይህንን ነው። በዚያ ብርድ የሞቀ ወንበር ምን ማለት እንደሆነ ዳስ ውስጥ ያልሠራ ሰው አያውቅም።

ጠቡ የመጣው በጥምቀት ነው። እዚህ አገር ጥምቀትን የምናከብረው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ የጥር ብርድ ታቦት አያስወጣም። መጠመቂያው የፕላስቲክ ገንዳ ነው። በዚያን ዓመት፣ በሁለት ሺህ ሃያ፣ ቄሱ የቧንቧ ውሃ አይሆንም፣ ዮርዳኖስ ወራጅ ነው፣ ከወንዝ ይቀዳ አሉ። ወንዙን የምናውቅ እኔና እሱ ነን ተባለና ሁለት ሁለት ጀሪካን አስይዘው ላኩን።

ከፍርስራሹ ሥር ቦይ አለ። ጠባብ ነው፣ ዳርና ዳሩ በድንጋይ የታነጸ። ውሃው ከአንድ ቅስት ሥር ከጨለማ ይወጣል፤ ከየት እንደመጣ አይታይም። እኔ ሁልጊዜ የመንገድ እጣቢ ነው እል ነበር። ወዳጄ እዚያ ሲደርስ ቆመ።

"ከዚሁ እንቅዳ" አለኝ።

"ከእጣቢ?"

"እጣቢ አይደለም። ያው ወንዙ ነው። ከላይ ገብቶ በመንገዱ ሥር መጥቶ ነው። እዚህ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል።"

"እንግዲህ ሰሌዳው ያጥምቅህ" አልኩት። "እኔ ውሃው ከሚጮህበት ነው የምቀዳው።"

"ደረጃው በረዶ ነው። ጉልበትህ ይሰበራል፣ አንተ ሰው።"

ፏፏቴው የጻድቅ ስም አለው። የበረሃው አባታችን፣ የመነኮሳቱ ሁሉ አባት መስሎኝ ነበር። ሰው በሠራው ቦይና በጻድቅ ስም በሚጠራ ፏፏቴ መካከል ምን ምርጫ አለ? ድልድዩን ተሻግሬ በማዶው ደረጃ ወረድኩ። አራተኛው እርከን ላይ ወደቅሁ። ቀኝ ጉልበቴ እስከ ዛሬ ዝናብ ሲመጣ ይነግረኛል። ግን ቀዳሁ፤ ሁለቱንም ጀሪካን ሞላሁ። እያነከስኩ አዳራሹ ስደርስ የሱ ሁለት ጀሪካን ገንዳው አጠገብ ተደርድሮ ቆሟል፣ እሱ ሻይ ይጠጣል።

ንዴት አይደለም፤ ከንዴት የባሰ ነበር። አንዱን ጀሪካን አነሳሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ነጭ የለበሰው ሕዝብ እያየ በረዶው ላይ ደፋሁት። "የመንገድ እጣቢ ሕፃናት ላይ አይረጭም!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሁለተኛውን ሳነሳ እሱ ሻዩን አስቀመጠ።

"ሰሌዳ ማንበብ የማይችል ሰው ነው ውሃ የሚመርጥልን?" አለ።

ሰው ሳቀ። ሁሉም አይደለም፤ የሚበቃ ያህል። እኔ ማንበብ እንደማልችል የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። ልጄ እዚያ ቆማ ነበር፤ ፊቷን አየሁት። ሁለተኛውንም ደፋሁና ወጣሁ። አንዱ ባዶ ጀሪካን እጄ ላይ ቀርቶ እስከ መኪናዬ ድረስ ይዤው ሄድኩ። ሲዋርድ የሚባለው ሰፈር፣ ልጄ ቤት ነው የምኖረው፤ ጋራዧ ውስጥ ወረወርኩት፣ እዚያው ቀረ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ለኩርፊያ የተመቸ በሽታ ነበር። ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም ማንንም አይስምም፤ እኔና እሱ መኳረፋችንን የሚያውቅ እንኳን አልነበረም። በሽታው ሲያልፍ ዳሱን በማሽን ተክተውት አገኘነው፤ ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። እሱ ከከተማው ወጣ ብሎ ኩን ራፒድስ ልጁ ዘንድ ገባ። አራት ዓመት ከመንፈቅ ሳንነጋገር ሄደ።

የንስሐ አባቴ ካልታረቅህ አትቆርብም አሉኝ። ድፍን ፍልሰታን ጾሜ፣ በመጨረሻው ቀን ሕዝቡ ሁሉ ተሰልፎ ሲቆርብ እኔ ከበሩ ጋ ከጫማው ጋር ቆምኩ። በዚያው ሳምንት ሰማሁ፦ የወዳጄ ልጅ ሥራ ቀይሮ ወደ ቴክሳስ ሊሄድ ነው፣ አባቱንም ይዞ። ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰዓት ይነሳሉ። እንግዲህ ሁለታችንም ሽማግሌዎች ነን። እሱ ተመልሶ አይመጣም፣ እኔም ቴክሳስ አልሄድም። ሰኞ ካለፈች የምንገናኘው በለቅሶ ነው፤ እሱም አንዳችን ብቻ ቆመን።

ይህንን የማኅበራችን ሰብሳቢም አውቃለች። ሰብሳቢያችን የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ የምትሠራ ሴት ናት፤ ሽማግሌ ማዘዝ ሥራዋ ነው። ደወለችልኝ።

"ጋሼ፣ እሁድ ከሰዓት ሽኝት አለ። በጀልባ ነው። ከሴንት ፖል ተነስቶ ሎክ ውስጥ አልፎ ፏፏቴው እስኪታይ ይሄዳል።"

"ውሃ አልወድም።"

"እንዴት አይወዱም ጋሼ! ባይወዱ ነው እንዴ በረዶ ላይ የደፉት?"

ስልኩን ዘጋሁባት። እሁድ ግን ልጄ መኪናውን አስነስታ ደጅ ጠበቀችኝ፣ እኔም ኮቴን ለብሼ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አልጠየቀችኝም። ልጄ ነርስ ናት፣ ያልተጠየቀ ቁስል አትነካም።

ጀልባው ጀልባ አይደለም። ባለ ሁለት ፎቅ ቤት ነው፣ ውሃ ላይ የተቀመጠ። ኋላው ላይ ትልቅ ቀይ መንኮራኩር ይሽከረከራል፤ ለታይታ ነው፣ የሚነዳው ሞተር ነው። ውስጡ ፈረንጅ ሞልቷል፣ ቢራ በፕላስቲክ ይዞ። የኛ ማኅበር ሃያ ሰው ያህል ኋላ ተሰበሰበ፤ ሳምቡሳ በአልሙኒየም ትሪ ወጣ። አንዲት ጡረታ የወጣች ፈረንጅ ሴት ማይክ ይዛ ታስጎበኛለች። በራሷ ቀልድ ራሷ ቀድማ ትስቃለች።

ሰብሳቢያችን አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር መርጣ በአንዱ ጫፍ ወዳጄን አስቀመጠች፣ በሌላው ጫፍ እኔን፣ መሃል ራሷ ተቀመጠች፣ እንደ ዳኛ። ወዳጄ ከስቷል። ጃኬቱ የዚያው የዳሱ ጃኬት ነው፣ የድርጅቱ ስም የተፋቀበት። አላየሁትም፤ ማለቴ እንዳላየሁት ሆንኩ።

ሁለቱ ከተሞች መካከል ወንዙ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው። በሁለቱም ጎን ዛፍ ነው፣ ከዛፉ በላይ የሀብታም ቤት መስኮት ያበራል። ፈረንጆቹ "ንስር! ንስር!" ብለው ተነሱ፤ ጀልባው ዘመም ያለ መሰለኝ። አየሁት። አሞራ ነው። ጫካ ውስጥ ቁጭ ያለ አሞራ። አንድ እግረ ረጅም ወፍ ደግሞ ዳር ላይ እንደ ሰነፍ ዘበኛ ቆማለች፤ እሷንም ፎቶ አነሷት። ልጄ "አባዬ፣ ቆንጆ አይደለም?" አለችኝ። ቆንጆ ነው አልኳት። በነጻ ከመኪና ስናየውም ያው ነበር አላልኳትም።

ከዚያ ሎኩ ደረሰ። ይሄኛው የሚሠራው ነው። ሁለት የሲሚንቶ ግድግዳ መካከል ገባን። ግድግዳው አረንጓዴ ነው፣ ያረጀ ጉድጓድ ይሸታል። ቀና ብትል ሰማዩ የቀበቶ ያህል ነው። ከኋላችን በሩ እያቃሰተ ተዘጋ፣ ፊት ያለውም ዝግ ነው። ያኔ ሰብሳቢያችን እጇን አጨበጨበች።

"በሉ እንግዲህ። ይሄ በር እስኪከፈት ድረስ ከዚህ የሚወጣ የለም። በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነበር የሚመጣው። እዚህ ድንጋዩ ሁሉ ሲሚንቶ ሆኗል፣ ማን ይፈነቅለዋል። በአፋችሁ ታረቁ።"

ሳምቡሳ የያዙት ማኘክ አቆሙ። ወዳጄ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ስለ ፊደሉ በድዬሃለሁ" አለ። ለኔ ነው፣ ግን ወደ ግድግዳው እያየ ነው። "ያንን መናገር አልነበረብኝም። ሃያ ዓመት የያዝኩትን አወጣሁት። ይቅር በለኝ።"

"ይቅር ብያለሁ" አልኩ።

እፎይ አሉ። ሰብሳቢያችን ልትነሳ ነው፣ ተሳሳሙ ልትል።

"ስለ ውሃውስ?" አልኩ።

"ስለ ውሃው ምን?"

"እጣቢ እንደነበር እመን።"

"እንዴ! አንተ ነህ እንጂ የደፋህ! እኔ ነኝ ስለ ውሃው የምለምነው?"

"ጋሼ፣ በፈጠራችሁ!" አለች ሰብሳቢያችን። "አሁን ውሃ ነው የሚያጣላችሁ? ዙሪያችሁን እዩ፣ ከውሃ ሌላ ምን አለ?"

"እኔ ፊደሉን ይቅር አልኩ" አልኩ። "ለጉልበቴ ግን መልስ እፈልጋለሁ። በዚህ ጉልበት የቀዳሁት ውሃና እሱ ሻይ እየጠጣ የቀዳው ውሃ አንድ ነው ካለኝ፣ እርቅ የለም።"

"አንድ ነው" አለ ወዳጄ።

"እንግዲያው ቴክሳስ በደህና ግባ።"

ይህንን ስንነጋገር ውሃው እየሞላ ነበር። ቀስ እያለ ግድግዳው አጠረ፣ ሰማዩ ሰፋ። ልጄ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፤ አስጎብኚዋ የምትለውን ትራንስሌት ላድርግልህ ብላ ነው፣ ነገር ለማስቀየር። "አባዬ፣ ፓምፕ የለውም ትላለች። ከላይ ያለው ውሃ በግድግዳው ሥር በቱቦ ራሱ ይመጣል። ወንዙ ራሱ ነው ከፍ የሚያደርገን።" ምንም አልመሰለኝም። የፊቱ በር ተከፍቶ ወጣን።

ወንዙ ከዚያ በላይ ይጠባል። ከድልድይ ሥር አለፍን፣ ከሌላ ድልድይ ሥር አለፍን። ከዚያ ከሩቅ፣ ነጭ ሆኖ፣ ፏፏቴው ታየ። የኔ ፏፏቴ። ጀልባው ቆመ፣ ከዚያ አያልፍም። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ፊት ሄደ፤ እኔም ሄድኩ፣ ወዳጄም በሌላው ጎን ሄደ። አስጎብኚዋ ማይኩን ይዛ ረጅም ነገር ተናገረች፣ ሰዎቹ ሳቁ። ልጄን ምን አለች አልኳት።

"ፏፏቴው ሪል አይደለም ትላለች።"

"ምን ማለት ነው? ይጮሃል እኮ።"

"ድሮ በሥሩ ቶነል ሲቆፍሩ ተናደባቸው። ጠቅላላ ሊጠፋ ነበር። ከዚያ በእንጨት አለበሱት፣ አሁን ኮንክሪት ነው። ስላይድ በለው አባዬ፣ ሸርተቴ። ውሃው በስላይድ ነው የሚወርደው።"

"ጻድቁስ? የጻድቅ ስም አይደለም ወይ ያለው?"

ልጄ ጠየቀችልኝ። አስጎብኚዋ እየሳቀች መለሰች። "የካቶሊክ ነው ትላለች። የፖርቱጋል ሰው።"

የበረሃው አባታችን አይደሉም። እንግዲህ ፖርቱጋሉም ለራሱ ሕዝብ ጻድቅ ይሆናል፣ አልዘልፈውም። ግን እኔ ለሱ ብዬ አይደለም ጉልበቴን የሰጠሁት።

አስጎብኚዋ ቀጠለች። ልጄም ቀጠለች፣ ሳታስበው፣ መተርጎም ስለጀመረች፦ "ወፍጮዎቹ ደግሞ ውሃ የሚያገኙት በቦይ ነበር። ከፏፏቴው በላይ ወንዙን ይጠልፉታል፣ በመንገድ ሥር ያልፋል፣ ወፍጮውን ያዞርና በፍርስራሹ በኩል ወደ ወንዙ ይመለሳል። እስከ አሁን ይፈሳል። ሴም ሪቨር ነው አባዬ፣ ያው ወንዙ።"

አለች። ያለችው ገባት።

ወዳጄ እንግሊዝኛ ያውቃል። እኔ ከመስማቴ በፊት ሰምቶታል። ዞር ብዬ አየሁት፣ ከአራት ዓመት ከመንፈቅ በኋላ ፊቱን በደንብ ያየሁት ያኔ ነው። ያየኛል ብዬ ጠበቅሁ። እኔ በሱ ቦታ ብሆን ጀልባው እስኪናወጥ እጮህ ነበር፤ ሃያውንም ሰው ጠርቼ "ስሙ!" እል ነበር። እሱ ክንዱን ብረቱ ላይ አስደግፎ ውሃውን ያያል። ይህ ሰው ስምንተኛ ክፍል መጨረሱን ስንቴ ነግሮኛል፤ የዚያን ቀን ግን አንዲት ቃል አላወጣም። አናደደኝ። ቢጮህ ቀለል ይለኝ ነበር።

ስንመለስ ሎኩ እንደገና ያዘን። አሁን ቁልቁል ነው፤ ግድግዳው ረዘመ፣ ሰማዩ ጠበበ። ጉልበቴ መጠዝጠዝ ጀምሯል፤ ወንበሩ ሁሉ ተይዟል፣ ፈረንጆቹ ቢራቸውን ይዘው ተዘርግተውበታል። ወዳጄ ብቻውን የወንበሩ ጫፍ ላይ ነበር። ተነሳ።

"ተቀመጥ" አለኝ። "ሞቋል።"

አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ አፌ ይከፈታል፣ አፌ ከተከፈተ የሚወጣው ስለ ውሃው ነው። በሕዝብ ፊት የደፋሁትን በሕዝብ ፊት አላፍሰውም አልኩ በልቤ። ብረቱን ይዤ እስከ ሴንት ፖል ድረስ ቆምኩ። እሱም አልተቀመጠም። ወንበሩ ባዶውን መጣ። በመጨረሻ አንድ ኮፍያ የለበሰ ፈረንጅ ቦርሳውን አስቀመጠበት።

ስንወርድ ሁሉንም እየሳመ ተሰናበተ። እኔ ዘንድ ሲደርስ እጁን ኪሱ አደረገና "ደህና ሁን" አለ። "ደህና ግባ" አልኩ። ሰብሳቢያችን ወደ ሰማይ አየች። መኪና ውስጥ ልጄ አንድ ቃል ብቻ ተናገረች፦ "አባዬ፣ ድርቅና ነው" አለች። ወንዝ የማያሻግር መልስ ሰጠኋት፤ ምን እንዳልኩ አሁን አላስታውሰውም።

በማግስቱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጋራዡን ከፈትኩ። ጀሪካኑ ከአሮጌ ጎማ ኋላ ተደፍቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አጠብኩት፣ ገመድና ባልዲ ይዤ ወደ ፍርስራሹ ነዳሁ። ማንም አልነበረም፤ አንዲት ሴት ብቻ ውሻ ይዛ ትሮጣለች። ሰሌዳው ፊት ቆምኩ። ቆየሁ። ከዚያ ባልዲውን ወደ ቦዩ ለቅቄ ቀዳሁ፣ ቀዳሁ፣ እስከ አፉ ሞላሁት። ግማሽ ብሞላው ይሻለኝ ነበር። ግን ግማሽ ድንጋይ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ኩን ራፒድስ ስደርስ ቫኑ ተጭኖ ደጁ ላይ ቆሟል። የወዳጄ ልጅ ፍራሽ ያስራል። ወዳጄ አጠገቡ ቆሞ እንደዚህ እሰር፣ እንደዚያ እሰር ይላል። መኪናዬን መንገድ ዳር አቆምኩ፣ ጀሪካኑን አውጥቼ ማጅራቴ ላይ አደረግሁት፤ ጎንበስ ብዬ፣ እያነከስኩ፣ እፊቱ ድረስ ሄጄ ቆምኩ።

"ምንድን ነው?" አለኝ።

"ውሃ ነው።"

"ከየት?"

"ከቦዩ።"

"እጣቢ ነው ስትል አልነበረም?"

"ሰሌዳውን አነበብኩት።"

"አነበብከው?"

"ሁለት ቃል። 'ዎተር' እና 'ሪቨር'። የቀረውን ተውኩት፣ ፈረንጅ ያበዛዋል።"

አውርደው አላለኝም። ሥርዓቱ እንደሱ ነው፤ የተበደለ ሰው ትንሽ ያቆማል፣ ማጅራትህ እስኪገባው ድረስ። ልጁ ሊያነሳልኝ ሲመጣ በእጁ ከለከለው። ከዚያ ቫኑ ውስጥ ገብቶ ታጣፊ ወንበር አወጣ፣ ሣሩ ላይ ዘረጋው፣ ራሱ ተቀመጠበት፤ ወዲያውም ተነሳ።

"ተቀመጥ" አለ። "ሞቋል።"

ጀሪካኑን አውርጄ ተቀመጥኩ። ገና አልሞቀም ነበር። ዝም አልኩ።